ለአንድ ጥርስ አስታማሚ

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ቀን ስለሆነ ነው እንዳልል፣ እኔ ቀን መተኛት የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ስንት ዓመት የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሰው ወደ ሥራው ሲሮጥ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ስገባ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ሁለት ትራስ ተደራርቦልኝ፣ ግራ ጉንጬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ የተጠቀለለ ጥጥ በመንጋጋዬ ነክሼ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። አትናገር፣ አትትፋ፣ አትጉመጥመጥ ይላል የሰጡኝ ወረቀት። ምላሴ ግን ወረቀት አያነብም፤ ሌባ እንደገባበት ቤት ባለቤት እየተመላለሰ፣ በጥጡ ሥር እየሾለከ፣ የተወሰደበትን ይፈልጋል። ከወዲያ፣ ምድጃው ካለበት ጥግ፣ የማንኪያ ድምፅ ይሰማኛል። እዚህ ቤት ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ከእኔ ሌላ ማንኪያ ያንኳኳበት ሰው የለም። ማንኪያዋን የያዙት ወይዘሮ እንፋሎት ናቸው። ስማቸው ይህ አይደለም፣ እኔ በልቤ ያወጣሁላቸው ነው፤ ሆቴሉ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ የሚተኩሰውን ትልቁን ማሽን የያዙ፣ ሌሊቱን በሙሉ በእንፋሎት ተከበው የሚያድሩ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት። እሳቸውም እንደ እኔ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ አገራቸውና አገሬ አይዋሰኑም፣ ቋንቋችንም አይገናኝም። የምንግባባው በዚህ አገር ቋንቋ ነው፣ እሱንም ሁለታችን ተጋግዘን እንሰባብረዋለን። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን አንሶላ ስናጥፍ ስድስት ዓመት ሆነን። ቋንቋው አንቱታ አያውቅም፤ እኔ ግን በሆዴ ሁልጊዜ አንቱ ነው የምላቸው።

ጥርሱ የጀመረኝ የዛሬ ስምንት ወር ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ብቻ ብልጭ ይልብኝ ነበር፤ ቀጥሎ ሙቁም፣ ቀጥሎ ነፋሱም። ቅርንፉድ እነክሳለሁ፣ ኪኒን እውጣለሁ፣ በቀኝ በኩል ብቻ አኝካለሁ፤ ኋላ ማኘኩንም እርግፍ አድርጌ ትቼ ገበያ ስወጣ የሚዋጥ የሚዋጡን ብቻ መምረጥ ጀመርኩ። ሰው ሲችል ጥርሱን ነክሶ ቻለ ይባላል፤ የታመመው ራሱ ጥርሱ ሲሆን ምኑን ነክሶ እንደሚችል ግን የነገረኝ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እታለም ትደውላለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ከእሷ በቀር አገር ቤት የቀረኝ ሰው የለም። በምስል ነው የምትደውለው፣ እኔ ደግሞ ካሜራውን እዘጋለሁ። «ምነው አትታይም ማሙሽ?» ትለኛለች፤ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጺሜ ሸብቶ፣ ለእሷ ማሙሽ ነኝ። «ኔትወርኩ ነው እታለም።» «ምን በላህ?» «ሥጋ።» «ጎሽ! ሰውነትህን ጠብቅ።» ሥጋ! በዚያን ቀን የበላሁት በወተት የራሰ ዳቦ ነው። እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ጥርስ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፣ ልብ እያለቀሰ እሱ ይገለፍጣል ሲሉ፤ የእኔው ጭራሽ ራሱ እየታመመ ይገለፍጣል።

ያን ሁሉ ወር ለምን እንደደበቅኋት ብጠየቅ የምለው አላጣም፤ እንዳታስብ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። እታለም እናታችንን አራት ዓመት አስታማለች። አራት ዓመት ሙሉ እማዬን አገላብጣ፣ አጥባ፣ በማንኪያ አጉርሳ፣ በየቀኑ አንሶላዋን ቀይራ። እኔ በዚያ አራት ዓመት ወረቀቴ ስላልተስተካከለ ከዚህ ብወጣ የማልመለስ ሰው ነበርኩ፤ እውነት ነው፣ ግን እውነትም ሆኖ አያስተኛም። በቀን ስምንት መቶ የማላውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ አጣጥፌ እየደረደርኩ የእናቴን አንድ አንሶላ አላነጠፍኩም። ታዲያ ለዚያች ሴት ጥርሴን አመመኝ ብዬ ልደውልላት ነው? በምን አፌ?

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ እጇ ቀላል፣ አፌን ከፍታ አየች፣ ራጅ አነሳችኝና ምስሉን በመብራት ላይ ዘርግታ በጣቷ አሳየችኝ። ሥሩ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ከታች ያለውን ነርቭ ሊነካ ምንም አልቀረውም። «እንዲሁ ተጎትቶ አይወጣም፤ ድዱን ከፍተን፣ ጥርሱን ለሁለት ቆርጠን ነው የምናወጣው። የሚያስተኛ መድኃኒት እንሰጥሃለን፤ ስለዚህ ሰው ይዘህ ትመጣለህ» አለችኝ። ሰው ይዘህ! እንደ ጃንጥላ። መዝጋቢዋ ጋ ስሄድ ቅጽ ሰጠችኝ፤ አብሮህ የሚመጣ ሰው የሚል መስመር አለው፣ ስም፣ ዝምድና፣ ስልክ። እጄ ሳያስብ የእታለምን ስም ጻፈ። ዝምድና ላይ እህት አልኩ። ስልኩን ስሞላ ሳጥኖቹ አልበቁም፣ ቁጥሩ ወደ ዳር ወጣ። መዝጋቢዋ አየችው። «እህትህ የት ነው ያለችው?» «አገር ቤት።» «እንግዲያው እሷ ወደ ቤት ልትወስድህ አትችልም።» «ትችላለች፣ ግን ሩቅ ነው» አልኩ፤ ቋንቋው ሲያልቅብኝ እንደዚህ ያለ ነገር ነው የሚወጣኝ። ሳቀች፣ ክፋት የሌለው ሳቅ። «ታክሲ ልያዝ?» አልኳት። «ባለ ታክሲ አይቆጠርም። የሚያውቅህ ሰው መሆን አለበት። እስክትነቃ የሚጠብቅ፣ ቤት አስገብቶህ እስኪመሽ አጠገብህ የሚቆይ» አለችና ቅጹን በትሕትና መለሰችልኝ። ሳይሞላ ይዤው ወጣሁ።

የሚያውቅህ ሰው። በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ነው፣ አስታማሚ። አገር ቤት ሆስፒታል በር ላይ ብትቆም ከበሽተኛው አስታማሚው ይበዛል፤ አንዱ ብርድ ልብስ ይዞ፣ አንዱ ፔርሙስ ይዞ፣ አንዱ ምንም ሳይዝ መጥቶ ይቆዝማል፤ ጥበቃው ይጮኽባቸዋል፣ በዚህ ሲያስወጣቸው በዚያ ይገባሉ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በኖርኩበት ከተማ ለአንድ ጥርስ አስታማሚ አጣሁ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ወደ ታች እገፋቸዋለሁ። አብሮኝ ይሠራ የነበረው የአገሬ ልጅ ሌላ ከተማ ከገባ ሦስት ዓመቱ። አከራዬ፣ እሱ የሚመጣው ቧንቧ ሲፈነዳ ነው። የቀድሞው የሌሊት ተረኛ፣ አለቃዬ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ አንድ ጊዜ ማቀዝቀዣ የሸጠልኝ ሰው። ማቀዝቀዣ የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት። ሰው የለኝም ብዬ ሳስብ አላለቀስኩም፤ አፈርኩ። ብቸኝነት ከሩቅ ሲያዩት ያሳዝናል፣ ቅጽ ላይ ሲጽፉት ግን ያሳፍራል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ተለማመድኩ። ጫፍና ጫፍ ይዘን አንሶላውን እንዘረጋለን፣ ወደ እሳቸው እራመዳለሁ፣ ጫፉን አስረክባለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ወደ ኋላዬ እመለሳለሁ። አንድ ማክሰኞ ሌሊት ከዘጠኝ አንሶላ በኋላ ወይዘሮ እንፋሎት ማሽናቸውን አቆሙት። «ምንድን ነው?» አሉኝ። «ምኑ?» «ከቀናት ጀምሮ አንድ ነገር ልትል ትመጣና ትመለሳለህ። ልትወደኝ እንዳይሆን፣ አርጅቻለሁ።» ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሳቅሁ፣ ስስቅ ጥርሱ እንደ ጦር ወጋኝና ጉንጬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። አዩኝ። «እሱ ነው?» ራሴን ነቀነቅሁ። «ሊያወጡልኝ ነው፤ ያስተኙኛል፤ ሰው ካልያዝክ አይሆንም አሉኝና... ሌላ ሰው ቢኖር አላስቸግርሽም ነበር፣ ግን ሥራም አለሽ፣ እና...» ዓረፍተ ነገሬን አላስጨረሱኝም። «በስንት ሰዓት?» አሉ። በስንት ሰዓት ብቻ! ለምን የለም፣ እስቲ ልየው የለም። እኔ ለሁለት ሳምንት የተሸከምኩትን ነገር እሳቸው እንደ ትራስ ልብስ በአንድ እጅ አጣጥፈው አስቀመጡት፤ ማሽናቸውን አስነስተው ወደ እንፋሎታቸው ገቡ።

ዛሬ ጠዋት ከቤቴ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሁልጊዜ በሥራ ልብስ ስለማውቃቸው መጀመሪያ አልለየኋቸውም፤ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ሊፕስቲክ ተቀብተዋል። ለእኔ ጥርስ! አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ምንም አላወራንም፤ ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ነበር የቆምነው፣ ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት አልተለማመድንም። መዝጋቢዋ አዲስ ቅጽ አወጣች። «ምኑ ነሽ?» አለቻቸው። ባልደረባው ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ወይዘሮ እንፋሎት ትንሽ አሰቡ፣ የእኔን ጥቁር ፊት አዩ፣ የራሳቸውን ነጭ እጅ አዩ፣ «እህቱ ነኝ» አሉ። መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየችን። እሳቸው ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሱም። ጻፈች። ከዚያ ወንበሩ ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ መብራቱ ዓይኔ ላይ ይወርዳል፣ መርፌው ክንዴ ላይ ቁንጥጥ ያደርገኛል፣ ሐኪሟ ከሃያ ወደ ኋላ ቁጠር ትለኛለች፣ በየትኛው ቋንቋ ልላት እፈልጋለሁ፣ ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ስምንት፣ እማዬ ስትታጠብ ውሃው እንዳይበርዳት እታለም በክንዷ ትለካዋለች፣ እኔ ይህን አላየሁም፣ ነግራኝ ነው፣ አሁን ግን አያለሁ፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው፣ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ግባ የሚለኝ የለም፣ ጫማዬን ላውልቅ ወይስ

አበቃ። ወንበሩ ቀና ብሏል። አፌ የእኔ አይደለም፣ ከንፈሬ ወፍሮ የሌላ ሰው ከንፈር ሆኗል። ወይዘሮ እንፋሎት አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይዘዋል፤ መቼ እንደያዙት አላውቅም። «አለቀ» ይሉኛል። «ሦስት ስፌት። ጎበዝ ነህ።» ከዚያ «ተኝተህ ስታወራ ነበር» አሉኝ። «አንድ ቃል እየደጋገምክ። ሐኪሟ ያመመህ መስሏት ፈርታ ነበር። ኢታለም፣ ኢታለም። ምን ማለት ነው? ውሃ ነው?» ራሴን ወዘወዝኩ። እስክሪብቶ ሰጡኝ፣ በመመሪያው ወረቀት ጀርባ በዚህ አገር ቋንቋ እህቴ ብዬ ጻፍኩላቸው። አነበቡት። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው፤ ደረጃ፣ የሳቸው ክንድ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር «ሰክሮ ነው?» ሲል፣ «ጥርሱን ነው!» ብለው ሲቆጡት፣ ቁልፌን ከኪሴ ሲያወጡ፣ አልጋዬን ሲያዩ። አልጋዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንሶላዬን ገፈፉት፣ ንጹሑን ከቁም ሳጥን አወጡ፣ በእኔ አልጋ ላይ የሆቴል አነጣጠፍ አነጠፉልኝ፣ ማዕዘኑ እንደ ፖስታ ተጣጥፎ። ሌላ ሰው ባነጠፈልኝ አልጋ ላይ የተኛሁት ከስንት ዓመት በፊት ነው? ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት።

እና አሁን እዚህ ነኝ፣ ማንኪያዋ ትማስላለች፣ እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል፣ ስልኬ ይጠራል። ቅዳሜ ነው ለካ። እታለም። ስልኩ ትራሱ አጠገብ ይንቀጠቀጣል፣ ስሟ ብልጭ ይላል፣ እኔ አየዋለሁ፣ አላነሳውም። መናገር አልችልም፤ ባነሳውና ዝም ብል ትደነግጣለች፤ ባላነሳው ደግሞ፣ ባላነሳው ደግሞ ያ ቀን ነው። እማዬ ባረፈችበት ቀን ከሥራ ገብቼ ጋደም እንዳልኩ እንዲሁ ጠርቶ ነበር። እንዲሁ ስሟን አየሁ። በጣም ደክሞኝ ነበር፣ ደግሞ የእማዬን ሕመም መስማት ደክሞኝ ነበር፣ ይህንን ለማንም ብዬ አላውቅም። ቆይቼ እደውላለሁ አልኩና ስልኩን ድምፁን አጥፍቼ በፊቱ ደፋሁት። ስነቃ ዘጠኝ ጊዜ ተደውሏል። ለእታለም ስልኬ ሥራ ቦታ ሳጥን ውስጥ ነበር አልኳት። እሷም «ይሁን፣ ልታናግርህ ፈልጋ ነበር» አለችኝ። ይሁን። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ያቺ ይሁን አንድም ቀን ከጆሮዬ ወጥታ አታውቅም። ወረቀቴ ከተስተካከለ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁን ብሄድ መመለስ እችላለሁ፣ እታለም ታውቃለች፣ አንድም ቀን ና ብላኝ አታውቅም፣ እኔም ልምጣ ብዬ አላውቅም። ፈርቼ ነው። ያ ቤት ገብቼ ባዶውን አልጋ ማየት፣ ከዚያ ዞሬ እሷን ማየት።

አነሳሁት። «ሄሎ! ማሙሽ?» ዝም። «ማሙሽ? ይሰማሃል?» ከጉሮሮዬ እም የሚል ነገር ወጣ። «ምነው? ምን ሆንክ? አንተ ልጅ ምን ሆንክ! ማን ነው እዚያ? ወይኔ፣ ወንድሜን ምን አደረጋችሁብኝ!» ጩኸቷን ሰምተው ወይዘሮ እንፋሎት ማንኪያዋን እንደያዙ መጡ፤ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ፣ ካሜራውን ከፈቱ፣ ፊታቸውን አስጠግተው «ኢታለም?» አሉ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት፤ ስምንት ወር የደበቅሁትን ጉንጭ ዓለም አየው። በጣታቸው ጥርሳቸውን ነካ ነካ፣ በእጃቸው ነቅሎ የመጣል ምልክት፣ ከዚያ አውራ ጣት ወደ ላይ። እታለም አየችኝ፣ ስልኩን ፊቷ ላይ ልትለጥፈው ምንም አልቀራት፣ ግንባሯና አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ። «ጥርስ ነው? ጥርስህን ነው? አንተ እኮ ገደልከኝ!» አለች፤ ሳቀች፣ ከሳቁ ልቅሶው ቀደመ፣ ተደባለቀ። «ማን ናቸው እኚህ ሴትዮ? እግዜር ይስጥልኝ በላቸው። ሞቅ ባለ ውሃ ጨው ጨምረው ያጉመጥምጡህ በላቸው።» ልነግራቸው አልችልም፣ ስለዚህ ራሷ ነገረቻቸው፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ ጮክ ካሉ ባዕድ ሁሉ ይሰማል ብላ። «ጨው! ጨው እመቤቴ! በሙቅ ውሃ!» እያለች በእጇ ትበትናለች። ወይዘሮ እንፋሎት ገባቸው። ወረቀቱን ከቦርሳቸው አውጥተው «ዛሬ አይደለም፣ ነገ» አሉ መሰለኝ በራሳቸው ቋንቋ፣ የዚህን አገር ቋንቋ እንኳ ትተው፣ እሳቸውም ጮክ ብለው። «ትራሱን ከፍ ያድርጉለት!» ትላለች እታለም። ወይዘሮ እንፋሎት ሁለቱን ትራስ ያሳያሉ። «ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያመው አይናገርም፤ ዝም ሲል ነው የሚታወቀው።» እሳቸው የሆነ ረጅም ነገር መለሱ፣ መጨረሻው ላይ ተነፈሱ። «አዬ፣ ልክ ነዎት» አለች እታለም። ምን እንዳሉ እኔ አልገባኝም፣ እሷም አልገባትም፣ ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ አወሩ። እኔ በመሃል ተጋድሜ ጥጤን ነክሼ እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወደ ትራሱ ይወርዳል። መናገር ክልክል ነው እንጂ ማልቀስ ክልክል ነው የሚል ወረቀቱ ላይ የለም።

ወይዘሮ እንፋሎት ለብ ያለ ሾርባ አጠጥተውኝ፣ ጥጡን ቀይረውልኝ፣ ደሙ መቆሙን በመብራት አይተው፣ ሲመሽ ሄዱ። በማግስቱ ጉንጬ ከትናንቱ ባሰ፤ ወረቀቱ ይብሳል ብሎ ነበርና አልፈራሁም። ጨውና ለብ ያለ ውሃ በአፌ ይዤ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን አያለሁ፤ ግማሽ ፊቴ እኔ ነኝ፣ ግማሹ የደላው የሰፈር ሀብታም። ሦስተኛው ቀን ሰማያዊነቱ ወደ ቢጫ ዞረ። ሐኪሟ ለሳምንት ያህል የሕመም ፈቃድ ስለሰጠችኝ ቤት ነኝ፤ አፌ ዝግ ስለሆነ ነው መሰለኝ የሆዴ ወሬ በዛ። አራተኛው ቀን ጠዋት ለእታለም ልጻፍላት ብዬ ስልኩን አነሳሁ። ስፌቱ ደህና ነው ልል ነበር። የጻፍኩት ግን ሌላ ነው። እታለም፣ እማዬ ያረፈች ቀን ስልኬ ሳጥን ውስጥ አልነበረም፤ እጄ ላይ ነበር፤ ስምሽን አይቼ ነው ያላነሳሁት፤ ደክሞኝ ነበር፤ ልትሞት መሆኗን ባውቅ አነሳ ነበር፤ አላወቅሁም፤ ሁለት ዓመት ዋሽቼሻለሁ። ላክሁት። ልሰርዘው ስል ደርሷል ይላል። የክፍሉን መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ብርጭቆ አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ቀትር ሆነ፣ መልስ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አጣኋት አልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ የድምፅ መልእክት መጣ፣ ስድስት ደቂቃ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ከፈትኩት። «ማሙሽ» አለች፣ ከበስተኋላዋ ሰው በሩቅ ሲጠራራ ይሰማል። «እኔ እኮ አውቄ ነበር። ሳጥን ውስጥ ነበር ስትለኝ ያኔውኑ ነው ያወቅሁት፣ መዋሸት መቼ ይሆንልህና። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርስ ነክሼብሃለሁ፣ ይኸው እኔም ልንገርህ። ና ያላልኩህም ለዚያ ነው። ግን አንድ ነገር ደብቄሃለሁ፣ ከአንተ የእኔ ይብሳል። እማዬ ያን ቀን ደውይልኝ አለችኝ፣ ደወልኩ። ደግሞ ደወልኩ። ሦስተኛው ላይ እጄን ያዘችኝና ተዪው፣ ተኝቶ ይሆናል፣ የልጄን እንቅልፍ አትቀሚው አለችኝ። ፊቷ ላይ ቅሬታ አልነበረም ማሙሽ፣ እናታችን ትሙት ብዬ እንዳልምልልህ ሞታለች።» እዚህ ላይ ሳቀች ይሁን አለቀሰች አልለይም። «ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስቱ ስልኮች የእሷ አይደሉም። የእኔ ናቸው። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ፈራሁ፣ አንድ ሰው ድምፅ ባሰማኝ ብዬ ነው። አልተነሳልኝም። በእሱ ነው የተቀየምኩህ። በእሱ ቂም ያዝኩና የእናትህን ቃል ሁለት ዓመት ቀበርኩብህ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። የልጄን እንቅልፍ አትቀሚው። እኔ በዚያች ሰዓት የተኛሁት እንቅልፍ ከእናቴ የተሰጠኝ ነበር፤ ሰርቄ የተኛሁት ይመስለኝ ነበር። ግን ከዚህ ይልቅ የያዘኝ ሌላው ነው፤ ስድስቱ ስልኮች። ሁለት ዓመት ሙሉ የበደልኩት የሞተችውን ነው ብዬ ስጸጸት የበደልኩት ያለችውን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን በላህ የምትለኝን። አውራ ጣቴ ስሟ ላይ አረፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ደወልኩ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ያለ ሰዓቱ። «ሄሎ?» «እታለም» አልኩ፤ አፌ ውስጥ ስፌቱ ሳብ ሳብ አደረገኝ፣ ቃሉ ተንሻፎ ወጣ። «አትናገር! ይበጠሳል!» «አይበጠስም። ለምን ነው መልሱ የዘገየው? ሞቼልሽ ነበር።» «ማንበቢያ አጥቼ ነው። ነርሷ ጎረቤታችን ከሥራ እስክትመጣ ጠብቄ አስነበብኳት። አልቅሳ ልትሞት።» «ያንን ሁሉ ጎረቤት አነበበችው?» «ታዲያ ማን ያንብበው?» «አንቺ ነሻ። ዓይን የለሽም?» ይህንን ለቀልድ ነው ያልኩት። ዝም አለች። እኔ ዝምታን ከማን እንደወረስኩ ረስቼ ነበር። «እታለም?» «ትንሽ የዓይን ሞራ ነው» አለች። «ግራው ከሄደ ቆይቷል። ቀኙ ጥላ ጥላ ያሳየኛል። ሰው መለየት አላቃተኝም እኮ።» «ከመቼ ጀምሮ?» «አንተ ካሜራህን ከዘጋህበት ጀምሮ» አለች፣ ልታስቀኝ። አልሳቅሁም። «ሐኪም አላየሽም?» «አይቶኛል። ተገፍፎ ይነሳል አለ። የሚመጣው ወር መጨረሻ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ግን ሰው ይዘሽ ነይ ይላል፤ ዓይኔ ለጥቂት ቀን ይሸፈናል፣ ጠብታ የሚያደርግልኝ ያስፈልጋል አለ። ነርሷን አስቸግራታለሁ ብዬ ነው፣ እሷም የሌሊት ተረኛ ናት፣ ካልተመቻት ደግሞ ይቆያል፣ ምን ያስቸኩላል።»

መንገድ ላይ አንድ መኪና አለፈ። መስኮቱ ነዘረ። ወንበሩ ላይ ከቅዳሜ ጀምሮ የተቀመጠውን የሐኪሟን ወረቀት አየሁ፣ አላነበብኩትም። «ስንት ነው ቀኑ?» አልኩ። «ሃያ አምስት። ምነው?» «እኔ እመጣለሁ።» «የት?» «ቤት ነዋ።» «ሥራህስ?» «ፈቃድ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያልነካሁት የዓመት ፈቃድ ነው ያለኝ። ጠብታውን እኔ አደርግልሻለሁ፣ አንሶላሽን እኔ አነጥፋለሁ፣ ሙያዬ ነው። ከነርሷ የተሻለ ነው የማነጥፈው።» ድምፄ ሲሰበር ሰማችው። «እሺ በይኝ እታለም። እሺ ካላልሽኝ ከበር እመለሳለሁ።» ትንፋሿ ይሰማኛል። ከእኔ የሚደበቅ ነገር ስታስብ እንዲህ ነው የምትተነፍሰው፣ ወይም ሊያስለቅሳት ሲል፣ ወይም ሁለቱም። ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው መሰለኝ፣ የልብስ ኮሽታ ሰማሁ፣ አፍንጫዋን ጠረገች። ተመለሰች።

«ሹራብ ያዝ» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ይበርዳል።»